የታናሽ አይሮፕላን ሥራና የጋሞ የእጅ ጥበብ

የሰው ልጅ ታላቁን ነገር ከመሥራቱ አስቀድሞ ታናሹን መሥራት ልማዱ ነው። እረኛው ልጅ የራሱን በሬ ጠምዶ ከማረሱ በፊት ከወንዝ ዳር ጭቃ ቀንዳም በሬ አበጅቶ በፀሐይ ያደርቃል፤ ልጃገረዲቱም ቤት ከመምራቷ በፊት ከጨርቅ አሻንጉሊት ሰፍታ ታዝላለች። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «የልጅ ጨዋታ» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩን ጠልቆ ለመረመረው ግን ጨዋታው የሥራ መጀመሪያ፣ ታናሹም የታላቁ ዘር ሆኖ ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ካሉት ታናናሽ ሥራዎች ስለ አንዱ ይናገራል፤ ይኸውም አምሳያ አይሮፕላንን ከጥሬ ዕቃ አንሥቶ በእጅ መሥራት ነው። ክፍሎቹ በፋብሪካ ተቆርጠው፣ በሣጥን ታሽገው የሚሸጡና በሙጫ ብቻ የሚገጣጠሙ አምሳያዎች በዓለም ገበያ ሞልተዋል። ከጥሬ ዕቃ የሚሠራው ሰው ግን እንዲህ ያለ ሣጥን የለውም። ያለው እንጨት፣ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ክርና ሙጫ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእውነተኛው አይሮፕላን ልክ የተጻፈበት ንድፍ ነው። የክንፉን ዐጥንት ራሱ ይቆርጣል፤ ራሱ ይሰካል፤ ራሱ ያለብሳል። ሥራው ቢቃናም ቢጎብጥም ተጠያቂው እርሱ ነው።

ይህን ነገር ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ደጋ ጋር ማያያዛችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን የአይሮፕላንን ታሪክ ከሥሩ ብንመረምር፣ ሰውን መጀመሪያ ወደ ሰማይ ያወጣው ዕቃ በአብዛኛው ብረት አልነበረም፤ ቀላል እንጨት፣ ቀርከሃና የጥጥ ጨርቅ ነበር። ቀርከሃን ማጉበጥ፣ ጥጥንም መፍተልና መሸመን ደግሞ የጋሞ ሕዝብ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ሙያ ነው። እንግዲህ ክንፍ የሚሠራበት ዕቃም፣ ዕቃውን የሚያውቅ እጅም በአገራችን ከነበረ፣ በመካከል የጐደለው ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በዚሁ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

ታናሹ ክንፍ ታላቁን እንደ ቀደመ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1804 እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ በአንድ በትር ላይ ክንፍና ጅራት አሥሮ ታናሽ ተንሸራታች አበረረ። ከእርሱ አስቀድሞ የነበሩ ሰዎች ክንፍ ማለት እንደ ወፍ የሚርገበገብ ነገር ነው ብለው ስላሰቡ ብዙዎቹ ወድቀው ተሰብረዋል። ኬይሊ ግን የማይንቀሳቀስ ክንፍ ነፋስን ተደግፎ ሊንሳፈፍ እንደሚችል በዚያች አምሳያ አስረዳ። ከ49 ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ ሰው የሚሸከም ተንሸራታች ለመሥራት በቃ። የታናሺቱ ትምህርት ታላቂቱን ለመውለድ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው።

ቀጥሎም በ1871 የ21 ዓመቱ ፈረንሳዊ ወጣት አልፎንስ ፔኖ በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል የምትሄድ አምሳያ ሠርቶ በፓሪስ ከተማ በቲዊለሪ የአትክልት ስፍራ በሕዝብ ፊት 11 ሴኮንድ አበረረ። ዐሥራ አንድ ሴኮንድ አንድ ሰው ጫማውን አሥሮ የማይጨርስበት ጊዜ ነው፤ ነገር ግን አንድ ዕቃ ሚዛኑን ራሱ ጠብቆ በአየር ላይ ሊሄድ እንደሚችል ለማስረዳት በቂ ሆነ።

ይኸው ፔኖ ከሠራቸው መጫወቻዎች በአንዱ ዐይነት የተሠራች፣ በቀርከሃ፣ በቡሽና በወረቀት የተበጀች፣ በላስቲክ የምትሽከረከር ትንሽ በራሪ በ1878 ወደ አሜሪካ ደረሰች። አንድ አባት ከመንገድ ሲመለሱ ለሁለት ልጆቻቸው አመጡላቸው። ልጆቹ የ11 ዓመቱ ዊልበርና የ7 ዓመቱ ኦርቪል ራይት ነበሩ። መጫወቻዋ ስትሰበር እነርሱ ራሳቸው ሌላ ሠሩ፤ ከዚያም ከፍ ከፍ እያደረጉ ቢሠሩ ትልቅ በሆነች ቁጥር መብረር እየተሳናት ሄደች። ምክንያቱን ያወቁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ መጠኗ በእጥፍ ሲያድግ የምትፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል።

ራይት ወንድማማቾች ካደጉም በኋላ ከታናሹ ነገር አልራቁም። በ1901 ተንሸራታቻቸው እንዳሰቡት አልነሣም ባላቸው ጊዜ፣ ነፋስ የሚነፍስበት ረጅም ሣጥን አበጅተው 200 ያህል ታናናሽ የክንፍ አምሳያዎችን በውስጡ መረመሩ። የቀደሙት ሊቃውንት የጻፉት ቁጥር የማያዋጣ መሆኑን ያወቁት፣ የራሳቸውንም ክንፍ በትክክል የነደፉት በዚህ ምርመራ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአገራችን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም.፣ በሞተር የምትሄደው አይሮፕላናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ሴኮንድ በረረች። ክንፏ በእንጨት ዐጥንት የቆመ ሲሆን ልብሱ ተራ የጥጥ ጨርቅ ነበር።

ከራይት ወንድማማቾች አስቀድሞ በጀርመን አገር ኦቶ ሊሊየንታል ከአኻያ እንጨትና ከጥጥ ጨርቅ በሠራቸው ክንፎች ከ2,000 ጊዜ በላይ ከኮረብታ ላይ ተንሸራትቷል፤ በመጨረሻም ወድቆ የሞተው አባቶቻችን በዓድዋ ድል በተቀዳጁበት በዚያው በ1888 ዓ.ም. ነው። ከራይት ወንድማማቾች በኋላ ደግሞ ብራዚላዊው ሳንቶስ ዱሞን «ደሞዜል» የተባለችውን ቀላል አይሮፕላኑን ሲሠራ የአካሏን ዐጥንት በቀርከሃ አቆመ፤ ንድፏንም ለፈለገ ሁሉ በነፃ ሰጠ። ስለዚህ ቀርከሃና ጥጥ በአይሮፕላን ታሪክ ውስጥ የድኻ መተኪያ ሳይሆኑ የመጀመሪያዎቹ ባለ ማዕርግ ናቸው።

የአምሳያ ሥራ በጦርነት ጊዜም ለአገር መከላከያ ሆኗል። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የወዳጅንና የጠላትን አይሮፕላን ለይተው እንዲያውቁ ወታደሮቹን የሚያስተምርበት 500,000 የእንጨት አምሳያ ቢያስፈልገው ጥያቄውን ያቀረበው ለትምህርት ቤቶች ነበር። ተማሪዎችም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሱትን አምሳያዎች እየቀረጹ በልኩ አስረከቡ። እንደዚህ ያለው ሥራ በልጅ እጅ ሊታመን የተቻለው፣ ልኩ በሚገባ ተነድፎ ከተሰጠው ልጅ ትክክል መሥራት እንደሚችል መምህራኑ ስላወቁ ነው።

ፀሐይ የተባለችው አይሮፕላን

በአገራችን የአይሮፕላን ነገር የተጀመረው በማየት ነው። በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ራስ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. ወደ ኤደን በሄዱ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ያሳየውን የበረራ ትርኢት ተመለከቱ፤ ራሳቸውም ተሳፍረው በረሩ። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማየ ያበረራት ፖቴዝ 25 የተባለች አይሮፕላን አዲስ አበባ አረፈች። ጥቂት ቆይታም ጀርመን ሠራሿ ዩንከርስ ተከተለች። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ለመሆን በቁ።

ማብረር አንድ ነገር ነው፤ መሥራት ግን ሌላ ነው። ፈረስ የሚጋልብ ሁሉ ኮርቻ አይሠራም። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አገልግሎት የነበረው ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ አንዲት ቀላል አይሮፕላን የሠራው በ1927ና በ1928 ዓ.ም. መካከል ነው። አይሮፕላኗ «ኢትዮጵያ 1» ተባለች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች። ልዕልቲቱ የአስታማሚነትን ሙያ የተማሩ፣ በኋላም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ያረፉ ናቸው።

የዚህን ሥራ ዋጋ ለመረዳት ዘመኑን ማሰብ ያስፈልጋል። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወሰን ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ። በመቶ የሚቈጠሩ አይሮፕላኖች ከነቦምባቸውና ከነመርዛቸው በተሰለፉበት በዚያ ጦርነት ኢትዮጵያ የነበሯት አይሮፕላኖች አንድ ደርዘን ያህል፣ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ፀሐይ የበረረችው በእንደዚህ ያለ ጊዜ ነው። ቍጥርን በቍጥር ለመመለስ አልተሠራችም፤ ያንንም ልታደርግ አይቻላትም ነበር። ነገር ግን «አይችሉም» ለተባለው ሕዝብ ሠራተኞቹ የሰጡት የእጅ መልስ ነበረች። ሞተሯ ከውጭ አገር ይምጣ እንጂ፣ አካሏን ቆርጠው፣ አያይዘውና አልብሰው ያቆሟት እጆች እዚሁ አዲስ አበባ የነበሩ ናቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፀሐይም ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ ከሮም ከተማ በስተ ሰሜን፣ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆየች። የኢጣልያ መንግሥት ለኢትዮጵያ ያስረከባት ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከተሠራች 88 ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። በመመለሷ የተደሰትን ሁሉ ልናስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ዕቃው ተመለሰ፣ ዕቃውን የሠራው ሙያስ? የቬበር ስም በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ከአጠገቡ የቆሙት የአናጺዎቹና የሠራተኞቹ ስም ግን በሰፊው አልታወቀም፤ ትምህርታቸውንም ለደቀ መዝሙር የሚያስተላልፉበት ጊዜ ጦርነቱ አልሰጣቸውም።

ከነፃነት በኋላ አገሪቱ በአየር መንገድ ታላቅ ስም አተረፈች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በጥገናና በትምህርትም ከፍ ካለ ደረጃ ደረሰ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አግ-ካት በተባለው በአሜሪካ ንድፍ መሠረት «እሸት» የተባለውን የሰብል መድኃኒት የሚረጭ አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ እየገጣጠመ ሠርቷል። በ2007 ዓ.ም. አንድ በጤና ሙያ የተመረቀ ወጣት በገዛ ጥረቱ፣ ያረጀ የፎልክስዋገን መኪና ሞተር ተጠቅሞ፣ «ኬ-570ኤ» ያላትን አይሮፕላን ከጥሬ ዕቃ ሠራ። ከመሬት ለመነሣት ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ባይሳካም ትጋቱ ከአገር አልፎ ተሰማ። ከዚህ የምንማረው የታናሹ አምሳያ ዋና ጥቅም አለ፤ አምሳያ ውድቀትን ርካሽ ያደርጋል። ታላቁ አይሮፕላን አንድ ጊዜ ሲወድቅ የዓመታት ድካም፣ ምናልባትም ሕይወት ይጠፋል፤ ታናሹ ዐሥር ጊዜ ቢወድቅ የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራና አንድ ዝንጣፊ ቀርከሃ ነው።

የጋሞ ደጋ ሙያ

አሁን ወደ ጋሞ እንመለስ። የአባያና የጫሞ ሐይቆች «የእግዜር ድልድይ» በተባለው የመሬት ጉማጅ ተለያይተው ከሚታዩበት ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ፣ ሙዙንና ማንጎውን ከኋላው ትቶ እንሰትና ቀርከሃ ወደሚበቅልበት ደጋ ይገባል። የቀድሞው ጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በጨንቻ ነበር፤ በ1950ዎቹ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። በዚህ መንገድ ላይ ነው የዶርዜ ቤት የሚታየው።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ስንጣሪ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ የሚቆም፣ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ኮባ የሚለበስ፣ አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ነው። ምስጥ ከሥሩ እየበላው በሄደ መጠን ከዓመት ወደ ዓመት ዝቅ ይላል፤ ሆኖም የሰው ዕድሜ ያህል ይኖራል። ባለቤቱ ቦታ ለመለወጥ የፈለገ እንደ ሆነ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ከመሬት አንሥቶ ይሸከመዋል። ተነሥቶ የማይፈርስበት ምክንያት ክብደቱ በአንድ ምሰሶ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ጉንጉን ላይ ስለ ተከፋፈለ ነው። አንዱ ስንጣሪ ቢሰበር ጎረቤቱ ሸክሙን ይቀበለዋል።

ይህን የአሠራር ሕግ አውሮፓውያን በአይሮፕላን ላይ አውለውታል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ባርንስ ዎሊስ የነደፈውና በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ዌሊንግተን የተባለው ቦምብ ጣይ፣ አካሉ ከቀላል ብረት ስንጣሪ እንደ ቅርጫት በግራና በቀኝ እየተጠላለፈ የተሠራና በጨርቅ የተለበሰ ነበር። ሰፊ ቀዳዳ ተቀዶበት እንኳ ወደ ሰፈሩ መመለስ የሚችለው ጉንጉኑ ሸክሙን እየተቀባበለ ስለሚያቆመው ነው። የዶርዜው ቤት ሠሪና የእንግሊዙ መሐንዲስ አይተዋወቁም፤ አንዱም ከሌላው አልተማረም። ሁለቱም ያስተዋሉት ግን አንድ እውነት ነው፤ ብዙ ቀጫጭን ነገር በብልኃት ቢያያዝ ከአንድ ወፍራም ይበረታል። አባቶቻችን ይህንኑ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ተናግረውታል። ልዩነቱ መሐንዲሱ የስንጣሪውን ስፋትና የሚሸከመውን ክብደት በቍጥር መጻፉ ነው።

ሽመናውም እንዲሁ ነው። በጋሞ ሴቲቱ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች፤ ወንዱ ድሩን ወጥሮ፣ እግሩን በጉድጓድ አድርጎ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እያሳለፈ ማጉን ይመታል። የድሩ ውጥረት ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልሆነ ጨርቁ እንደሚጣመም ማንም ሸማኔ ያውቃል። አይሮፕላን የሚያለብስ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠነቀቀው ለዚሁ ነው፤ የክንፍ ልብስ በአንድ ወገን ላልቶ በሌላው ከተወጠረ ክንፉ ይጠማዘዛል፤ የተጠማዘዘ ክንፍም አይሮፕላኑን ወደ አንድ ጎን ይገለብጠዋል። ለአይሮፕላን ልብስ ተብሎ በተሠራ የጥጥ ጨርቅ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከ30 በላይ ክር ይገኛል። የነጠላ ሸማ ዐይኑ ከዚህ የላላ ስለ ሆነ እንዳለ ለክንፍ አይሆንም፤ ክሩን አቅጥኖ፣ ማጉን አጥብቆ መምታት ያስፈልጋል። ይህም ለሸማኔው አዲስ ትምህርት ሳይሆን የልክ ለውጥ ብቻ ነው።

ልክ፣ ክብደትና አየር

አምሳያ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ሦስት ሥዕል ያዘጋጃል፤ አይሮፕላኑ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ሲታይ ያለውን መልክ ማለት ነው። ቀጥሎ ልኩን ይወስናል። አንድ ለዐሥር ያለ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ሜትር ዐሥር ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ ተማሪን የሚያስደንቅ ነገር ይገኛል። ርዝመቱ ዐሥር ጊዜ ሲያንስ የክንፉ ስፋት መቶ ጊዜ፣ በአንድ ዐይነት ዕቃና አሠራር ከተሠራ ክብደቱ ሺህ ጊዜ ያንሳል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር፣ ክብደቱ 600 ኪሎ የሆነ አይሮፕላን አምሳያው 1 ሜትርና 600 ግራም ይሆናል። ክብደቱ ከክንፉ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ ታናሹ ከታላቁ ሲሦ በማይሞላ ፍጥነት በአየር ላይ ሊቆም ይችላል። ራይት ወንድማማቾች በልጅነታቸው የገጠማቸው እንቆቅልሽ ይኸው ሕግ ተገልብጦ ነው።

ከዚያም የክንፉ ዐጥንቶች በአንድ ቅርጽ ይቆረጣሉ፤ ረጅሙ ማገር በመካከላቸው ያልፋል። በውጭ አገር ለዚህ የሚመረጠው ከኢኳዶር የሚመጣው ባልሳ የተባለ እጅግ ቀላል እንጨት ነው። በጋሞ ግን በቀጭኑ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ለማገር፣ የደረቀ የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ ልብ ለመሙያ፣ ከእንሰት የሚገኘው ቃጫም ለማሠሪያ ይገኛል። ልብሱ ቀጭን ወረቀት ወይም ስስ ጨርቅ ሆኖ በውኃ ርሶ ሲደርቅ ይወጠራል። በመጨረሻ የክብደቱ መካከል ከክንፉ ፊት ጠርዝ ጀምሮ በስፋቱ ሩብና ሲሦ መካከል እንዲያርፍ ይደረጋል። ወደ ኋላ ካመዘነ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይወድቃል፤ ወደ ፊት ካመዘነ ወደ መሬት ይጠልቃል።

የጋሞ ምድር ደግሞ ሌላ የማይገኝ የትምህርት ቤት ዕቃ አላት፤ እርሱም ከፍታዋ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል፣ ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ናቸው። አየሩ በአርባ ምንጭ ከባሕር ዳር ይልቅ በስምንተኛ ያህል፣ በጨንቻ በሩብ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ላይ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ ለዚህ ነው በደጋ አገር አይሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ የሚሻው። ፀሐይም በአዲስ አበባ የበረረችው ከባሕር ጠለል በአምስተኛ ያህል በሳሳ አየር ላይ ነው። አንዲት አምሳያ ጧት በአርባ ምንጭ፣ ከሰዓት በኋላ በጨንቻ በአንድ ዐይነት አወራወር ብትበር፣ ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን የአየር ክብደት ሕግ በዐይኑ ያየዋል።

ይህ ለአርባ ምንጭ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው ከፍተኛ ትምህርት ቤት በዚያው ከተማ ይገኛል። የውኃ መሐንዲሶች ግድብ ከመገደባቸው በፊት የግድቡን አምሳያ ሠርተው ውኃ ያሳልፉበታል፤ የተማመኑበትንም ልክ ወደ ታላቁ ይመልሱታል። ውኃውን በአየር ብንለውጠው ጥበቡ አንድ ነው።

እጅና መጽሐፍ

በመግቢያችን፣ በመካከል የጐደለው ምንድን ነው ብለን ጠይቀን ነበር። መልሱ ሁለት ይመስለናል።

የመጀመሪያው ክብር ነው። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው፣ ሸማኔውም አንጥረኛውም ሸክላ ሠሪውም፣ በሥራው ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ልማድ በዐዋጅ ብቻ አይሻርም። የሸማኔ ልጅ በክፍል ውስጥ የአባቱን ሙያ የሚሸሽግ ከሆነ፣ ያ ልጅ የሚያውቀውን ጥበብ ወደ ሒሳብ ደብተሩ ሊያመጣው አይችልም።

ሁለተኛው የእጅና የመጽሐፍ መለያየት ነው። ከጋሞ ደጋ ብዙ ሕፃናት ለሽመና ወደ አዲስ አበባ እየተወሰዱ፣ ከትምህርት ርቀው፣ ከጧት እስከ ማታ በሸማ ጉድጓድ ውስጥ ጉልበታቸው መበዝበዙ የታወቀ ኀዘን ነው። እነዚህ ሕፃናት እጅ እንጂ መጽሐፍ የላቸውም። በሌላው ወገን በትምህርት ቤት ያለው ልጅ የክብ ስፋት የሚለካበትን ሕግ በቃሉ ይወጣል፤ አንድ ስንጣሪ ቀርከሃ አጉብጦ ክብ እንዲሠራ ቢታዘዝ ግን ይቸገራል። እርሱም መጽሐፍ እንጂ እጅ የለውም። እጅ ከመጽሐፍ ሲለይ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ሕፃኑ በድካም፣ ተማሪው በባዶ ቃል።

አምሳያ አይሮፕላን ከጥሬ ዕቃ መሥራት እነዚህን ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኝ ትንሽ ሥራ ነው። ንድፉ ሒሳብ ነው፤ ሚዛኑ ፊዚክስ ነው፤ ልብሱ ሽመና ነው፤ ስለ ፀሐይ የሚነገረው ታሪክ ነው። ወጪውም ከአንድ ኳስ ዋጋ የሚበልጥ አይደለም። በአርባ ምንጭ፣ በጨንቻ ወይም በሌላ ስፍራ ያለ አንድ መምህር ተማሪዎቹን የፀሐይን አምሳያ አንድ ለዐሥር አድርገው እንዲሠሩ ቢያዝዛቸው፣ ቀርከሃ ለማስተማር አንድ የዶርዜ ቤት ሠሪ፣ ልብስ መወጠርን ለማስተማርም አንድ ሸማኔ ወደ ክፍሉ ቢጋብዝ፣ በዚያች ቀን የማዕርግ ቅደም ተከተል ይለወጣል። ለብዙ ዘመን የተናቀው ሙያ የመምህርነት ወንበር ያገኛል፤ ልጁም አባቱን በክፍሉ ፊት ቆሞ ሲያስተምር ያያል።

ከነዚያ አምሳያዎች አብዛኞቹ ይወድቃሉ። ጥቂቶቹ ምናልባት 11 ሴኮንድ ይበርሩ ይሆናል። የፔኖም ከዚያ አልበለጠችም። ፀሐይን በጭንቅ ቀን የሠሩት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ሙያቸውን ለልጆቻቸው የሚያወርሱበት ጊዜ አላገኙም፤ ለእኛ ግን ጊዜውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቀርከሃውም አለን። ስለዚህ ከውጭ አገር የተመለሰችውን አይሮፕላን የምንቀበልበት የተሻለው መንገድ ክንፏ እንዴት እንደ ቆመ ለልጆቻችን በእጃቸው ማሳወቅ ነው።